ዝምተኛዋ ሞተር ዳገት ወጣች

ሳጥኑ የተከፈተው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ በውሃ አገልግሎቱ ግቢ፣ ቧንቧ ከሚከመርበት መጠለያ ፊት ለፊት። ሥራ ያለውም የሌለውም ወጥቶ ከቦታል። ጸሐፊዋ እንኳ ስልኩ እየጮኸ ትታው መጥታለች። የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ፣ ወፍራምና ነገረኛ ሰው፣ ሚስማር እየነቀለ «ራቅ በሉ እንጂ! ሙሽራ የምትወጣ መሰላችሁ እንዴ?» እያለ ይቆጣል። እሱ ራሱ ግን አንገቱን አስግጎ ሳጥኑ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረውም።

ጣውላው ሲነሳ አንዲት ቀጭን፣ ረጅም ሞተር ብስክሌት ወጣች። ጎማዎቿ ጥርሳቸውን ያገጠጡ፣ ከመሬት ከፍ ያለች፣ ለድንጋይና ለጭቃ የተሠራች መሆኗ ከሩቅ ያስታውቃል። ሞተሩ መኖር ያለበት ቦታ ላይ ግን አንድ ጥቁር ሣጥን ብቻ ተቀምጧል። የጭስ ማውጫ የላትም፤ ቤንዚን የሚሞላበት ቀዳዳም የላትም።

የመጣችው ለመስመር ተቆጣጣሪዋ ነው። ተቆጣጣሪዋ የአርባ አንድ ዓመት ሴት ናት፤ ከተራራው አናት ካለው ምንጭ ተነሥቶ እስከ ከተማው ማጠራቀሚያ የሚወርደውን የአሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ቧንቧ ትጠብቃለች። በሳምንት ሁለት ቀን ትወጣለች፤ ቫልቮቹን ታያለች፣ የተናደ ድንጋይ ታነሳለች፣ የላላ መጋጠሚያ ታጠብቃለች። ሥራውን የተረከበችው ከአባቷ ነው። አባቷ ያንን መስመር ሠላሳ ሦስት ዓመት በእግራቸው ወጥተው ወርደው፣ በመጨረሻ ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም። ሁሉም «ዳገቴ» ነው የሚላት።

እስከዚያ ቀን ድረስ ዳገቴ የምትወጣው «አስም» ብለው በሰየሟት አሮጌ የቤንዚን ሞተር ነበር። አስም ሳትስል አትነሳም፤ ከተነሳች ደግሞ ዳገቱን የምትወጣው እያጓራችና እያነጠሰች ነው። ዳገቴ ቤት ስትገባ ልብስ ሰፊ ባሏ እጁን አፉ ላይ ደግኖ እየጮኸ ነበር ሰላም የሚላት፤ ጆሮዋ ለአንድ ሰዓት ያህል ጭው ይልባታልና።

ያን ሰሞን ደግሞ ሌላ ጣጣ አግኝቷታል። አምስት ወር ሙሉ ውሃ እየጠፋ ነው። ከምንጩ የሚነሳውና ማጠራቀሚያው የሚደርሰው አልገናኝ አለ፤ ከአምስት እጅ አንዱ መንገድ ላይ ይቀራል። የላይኛው ሰፈር ውሃ በሁለት ቀን አንዴ ማግኘት ጀመረ። ዳገቴ በዚያ ስታልፍ ሴቶቹ አይሰድቧትም፤ ባዶ ጄሪካን አንሥተው ያሳዩዋታል፣ እሱ ይብስባታል። ቧንቧው ላይ ተክላ በጆሮዋ የምታዳምጥበት ረጅም ብረት አላት። በእግሯ እየሄደች፣ መሬቱ ብረቱን በሚያስገባበት ሁሉ፣ በየሃያው ሜትር እየቆመች አዳምጣለች። ጭቃ የለም፣ ያለ ወቅቱ የለመለመ ሣር የለም። ውሃው መሬት ውጦት ነው የሚቀረው።

«ኤሌክትሪክ ናት» አለ ሞተሯን አጅቦ የመጣው ባለሙያ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።

«መቀስቀሻዋ የት ነው?» አለች ዳገቴ።

«የላትም።»

«ማርሿስ?»

«የላትም።»

«ፍሪሲዮን?»

«የላትም።»

«ታዲያ ምን አላት? ግማሿን ፋብሪካ ረስታችሁ ነው እንዴ የመጣችሁት?»

ግቢው በሳቅ አወካ። ባለሙያው አልተቀየመም። ቁልፉን አዙሮ፣ መሪው ላይ ያለችውን፣ የባትሪውን መጠን የምትናገረውን ትንሽ መስታወት መቶ የሚል ቁጥር ሲበራባት አሳያት። «ለፍጥነቷ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚል አለ። በአንድ ጀምሪ። ግራ ፍሬን፣ ቀኝ ፍሬን፣ ሁለቱም በእጅ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ዳገቴ ተቀመጠች። ልክ በዚያ ሰዓት የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ መረከቢያ ወረቀቱን ዘርግቶ «ሳትፈርሚ አትንቀሳቀሺ! እኔ ላይ ነው የሚመጣው!» ብሎ ጮኸ፤ ባለሙያው «አሁን ተነሥታለች» ያለውን አልሰማችም። ሞተሯ ጸጥ ብላለች፣ አልተንቀጠቀጠችም፣ አልሳለችም። ዳገቴ እስቲ ልሞክራት ብላ የቀኝ እጀታዋን እንደ አስም ጠምዘዝ አደረገችው።

ሞተሯ እንደ ደነገጠች ፍየል ከሥሯ ዘለለች። የፊት ጎማው ሰማይ አየ። ጸሐፊዋ «ኡኡ!» ስትል፣ የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ወረቀቱን ጥሎ ሲሮጥ፣ ዳገቴ ለቧንቧ ሥራ የተከመረው አሸዋ ላይ በቂጧ ተቀምጣ ተገኘች። ሞተሯም አጠገቧ ጋለል ብላለች።

ዳገቴ አሸዋውን ከከንፈሯ ጠረገችና ቀስ ብላ፣ «ተነሥታ ነበር እንዴ?» አለች።

ሳቁ ካለቀ በኋላ እንደገና ወጣችባት። አሁን በአንድ ቁጥር ነው፤ እጀታውንም እንደ እንቁላል ነው የያዘችው። ትንሽ አዞረች፤ ሞተሯ ትንሽ ሄደች። ትንሽ ጨመረች፤ ትንሽ ጨመረችላት። እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። አስምን አንድ ነገር ካዘዟት ታስባለች፣ ትከራከራለች፣ ከዚያ ነው ደንገጥ ብላ የምትሄደው። ይቺ ግን እጇ ሳያስብ ቀድማ ታውቃለች። መጠለያውን ዞረች፣ አንዴ፣ ሁለቴ። የሚሰማው ሰንሰለቱ ሲያልጎመጉምና ጠጠሩ ከጎማው ሥር ጠቅ ጠቅ ሲል ብቻ ነው። ክንዷ አልደነዘዘም፤ ወንበሩም አላርገበገባትም።

ኃላፊዋ፣ የመሥሪያ ቤቱ አለቃ፣ በቢሮዋ መስኮት ብቅ ብላ፣ «እህስ ዳገቴ፣ እንዴት ናት?» አለች።

«አላውቅም» አለች። «ልውጣባትና ልንገርሽ።»

ማዳመጫ ብረቷን ጀርባዋ ላይ አስራ ወጣች። በመጨረሻዎቹ ቤቶች ስታልፍ፣ አስምን ባየ ቁጥር እስከ ወንዙ ድረስ የሚያሳድዳት ቡናማ ውሻ በር ላይ ተጋድሟል። ጆሮውን እንኳ አላነሳም። አልፋው ከሄደች በኋላ ነው ብድግ ያለው፤ ዞር ብላ ስታየው እንደተሸወደ ዘበኛ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ነበር።

ከወንዙ ማዶ የመጀመሪያው ዳገት ይጀምራል። ድንጋዩ እንደ ሰው ጥርስ የተሰካ፣ ዝናብ መሃል ለመሃል የሸረሸረው፣ ቀጥ ያለ ነው። አስም እዚህ ስትደርስ እንደ ታማሚ ተደግፋ ነበር የምትወጣው፤ ዳገቴ ወርዳ እየገፋች፣ ጭሱን እየዋጠች። ከሥሩ ቆማ ቀና ብላ አየችው። ሁለት ቁጥርን ነካች። «እንግዲህ ጉድሽን አያለሁ» አለቻት።

ሞተሯ ወጣች። ሳትጮህ፣ ሳትለምን ወጣች። የኋላ ጎማዋ አንዱን ድንጋይ ትይዛለች፣ ትለቃለች፣ ሌላውን ትይዛለች፣ ልክ ተራራ የለመደ ሰው እግሩን እያማረጠ እንደሚረግጠው። መሃል ላይ ዳገቴ ሆን ብላ ቆመች። አስምን መሃል ዳገት ላይ ማቆም ማለት ተመልሶ ከሥር መጀመር ማለት ነበር። እዚህ ግን ፍሬኑን ይዛ ትንሽ ተነፈሰችና እጀታውን ዳሰስ አደረገችው፤ ሞተሯም ካቆመችበት ቀጠለች። ዳገቴ ሳታስበው አፏን ያዘች፤ ከዚያ በአንድ እጅ መንዳቷ ትዝ ሲላት ደንግጣ መለሰችው።

ዳገቱ ሲያልቅ ጫካው ይጀምራል። በዚያ ጫካ ውስጥ ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ አልፋለች። በእግሯ ስትወጣ የምትሰማው የራሷን ትንፋሽና በጆሮዋ የሚደልቀውን ልቧን ነበር፤ በአስም ስትወጣ አስምን። ሳትደክምና ሳትደነቁር አልፋበት አታውቅም። አሁን ግን ትንፋሿ ልክ ነው፣ ሞተሯም ዝም ብላለች፣ ጫካውም አላወቀባትም። አንድ ወፍ ይጀምራል፣ ሌላው ከማዶ ይቀበለዋል፣ እሷ ስታልፍም አያቋርጡም። የደረቀ ቅጠል ከቅርንጫፍ ሲለቅ ይሰማታል፤ መሬት ሲደርስም ይሰማታል። አንድ የማታየው ነገር ከግንድ ውስጥ ይቆረቁራል። ነፋሱ እንኳ አንድ ነፋስ አልነበረም፤ በረጃጅሞቹ ዛፎች ላይ የሚነፍሰው ሌላ፣ ቁጥቋጦው ውስጥ የሚሹለከለከው ሌላ። ዳገቴ በሰው ቤት ሳይጠሯት የገባች ያህል አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ቀስ ብላ ሄደች።

ሁለተኛው ገንዳ ጋ፣ የቧንቧው ግፊት የሚበርድበት የሲሚንቶ ገንዳ ዘንድ ስትደርስ ድኩላ አየች። እናትየዋ ከገንዳው ጠርዝ የሚንጠባጠበውን ትልሳለች፤ ግልገሏ ከእግሯ ሥር ቆሟል። ዳገቴ እጀታውን ለቀቀች፤ ሞተሯ በራሷ ዝግ ብላ ተንሸራታ አራት እርምጃ ያህል ሲቀራት ቆመች። ድኩላዋ ቀና አለች። ከከንፈሯ ውሃ ይንጠባጠባል። አየቻት፣ ጆሮዋን አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ አዞረች፣ ከዚያ የማታስፈራ መሆኗን የወሰነች መሰለች፤ ተመልሳ አጎንብሳ መጠጣት ቀጠለች።

«አሥራ ሁለት ዓመት» አለች ዳገቴ በልቧ፣ «አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስመጣ ሁላችሁም ትሸሹ ነበር ለካ።»

ድኩላዎቹ ጠጥተው ሲሄዱ ቀጠለች። ከገንዳው በላይ ዛፍ ያልቃል፤ ከላይ የተንከባለለ ትልልቅ ድንጋይ የተከመረበት ገላጣ ተረተር ይመጣል። ቧንቧው በድንጋዮቹ ሥር ተቀብሮ ያልፋል። መሃል ስትደርስ አንድ ድምፅ ሰማች። ሕፃን የሚያስተኛ ሰው «እሽሽሽ» እንደሚለው ያለ፣ የማያቋርጥ፣ ስስ ድምፅ ነው።

«በይ፣ አንቺም ጀመርሽ?» አለች ሞተሯን። ቁልፉን አጠፋች። ድምፁ አለ። ወርዳ ጥቂት ራቅ አለች። ድምፁ አለ። ጠጋ ብላ በጉልበቷ ተንበረከከች፤ ጆሮዋን ወደ ድንጋዩ ስታስጠጋ ድምፁ ወፈረ። ብረቷን ከጀርባዋ ፈትታ ድምፁ በሚወጣባት ጠባብ ክፍተት፣ በሁለት ድንጋዮች መሃል ቧንቧው እስኪነካ ሰደደችና ጆሮዋን ከጫፉ ላይ አደረገች፤ ወዲያው ብድግ አለች፤ እንደ ፏፏቴ ነበር የጮኸባት።

አንድ ድንጋይ አነሳች። ሁለተኛውን በትከሻዋ ገፋችው። ሦስተኛው ሲነሳ ቀዝቃዛ አየር ፊቷን መታው። ከሥሩ አለቱ እንደ ተሰነጠቀ እንጨት ተከፍቷል። እጇን እስከ ትከሻዋ ድረስ ሰደደችና ስታወጣው ጣቶቿ ይንጠባጠቡ ነበር። አምስት ወር ሙሉ የጠፋው ውሃ ከቧንቧው ሥር በቀጥታ ወደ ተራራው ሆድ ሲወርድ ከረመ፤ ለዚህ ነው አንዲት ጠብታ ወደ ላይ ወጥታ ያልተገኘችው። ዳገቴ ያንን እርጥብ እጇን ብቻዋን ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ድንጋዮቹ እስኪያስተጋቡ ድረስ ሳቀች።

ስትመለስ ወሬው በአንድ አፍታ ግቢውን አዳረሰው። ጠጋኞቹ በማግሥቱ በጠዋት መሣሪያቸውን ተሸክመው እንዲወጡ ተነገራቸው። እሷ ግን ከሁሉ አስቀድማ ልትነግረው የፈለገችው ሌላ ሰው ነበር። አባቷ አብረዋት ነው የሚኖሩት፤ ቀን ቀን በባሏ የልብስ ስፌት ቤት በር ላይ፣ መደገፊያ ባለው ወንበር ተቀምጠው መንገዱን ይመለከታሉ።

«አባባ፣ አገኘሁት!»

«ምኑን?»

«ውሃውን! ከሁለተኛው ገንዳ በላይ፣ ድንጋይ የተከመረበት ጋ።»

«ከገንዳው ስንት እርምጃ ይሆናል?»

«እኔ እንጃ፤ ሦስት መቶ?»

«ሦስት መቶ አርባ» አሉ አባቷ። ፊታቸው ተለወጠ። «እዚያ ያለው መጋጠሚያ የኔ ነው። በዚህ እጄ ነው የገጠምኩት። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው።»

የባሏ የስፌት መኪና ቆመ።

«የኔ መጋጠሚያ አያፈስም» አሉ አባቷ። ቀጥለውም፣ «እንዴት አገኘሽው?» አሉ።

«ሰማሁት። ሳልፍ።»

«በሞተር ሆነሽ?»

«አዎ፣ በአዲሷ ሞተር።»

«ሞተር ላይ ተቀምጦ ውሃ የሰማ ሰው እስካሁን አልተፈጠረም» አሉ አባቷ፤ ወንበራቸውንም ወደ መንገዱ አዞሩ። ቅር ሲላቸው እንደዚያ ናቸው።

ዳገቴ ባሏን አየችው። ባሏ በዓይኑ ሽማግሌውን፣ ከዚያም በር ላይ የቆመችውን ሞተር አመለከታት። ወንበሯ ረጅም ነው፣ ሁለት ሰው ይይዛል። ከኋላም የእግር መርገጫ አላት።

«ነገ ልውሰድዎት?» አለች።

አባቷ እምቢ አላሉም።

በማግሥቱ ጠዋት ዳገቴ ኃላፊዋ ፊት ቆማ ስትለምን፣ የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ «በመንግሥት ንብረት ጡረተኛ ሊሳፈር? እኔ የለሁበትም!» ብሎ ተንጨረጨረ።

«መስመሩ የት የት እንደሚያልፍ የሚያሳይ ካርታ አለን?» አለችው ኃላፊዋ።

«የለንም።»

«እሳቸው ናቸው ካርታችን። ካርታ ይዛ ወጣች ብለህ መዝግብ።»

ባሏና የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ሆነው ሽማግሌውን አንሥተው አስቀመጧቸው። ባሏ ማታውን ከሸራ የሰፋውን ሰፊ መታጠቂያ አውጥቶ አባትና ልጅን ወገብ ለወገብ አሰራቸው። አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ትከሻዋን ጭምቅ አድርገው ያዙ። ዳገቴ በአንድ ቁጥር፣ እንቅልፍ የያዘው ልጅ እንደተሸከመች እናት ሆና ከግቢው ወጣች። የላይኛውን ሰፈር ግማሽ ካለፉ በኋላ አባቷ፣

«ምን ትጠብቂያለሽ? አስነሺያት እንጂ» አሉ።

«አባባ፣ ሄደናል እኮ!»

ዓይናቸውን ገለጡ። ቤቶቹ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። «ወይ ጉድ!» አሉ። «ወይ ጉድ! ወይ ጉድ!» ሌላ ቃል እስከ ወንዙ ድረስ አልወጣቸውም።

ዳገቱን ሲወጡ ከኋላዋ ይነቃነቁ ነበር፤ ዳገቴ ፍርሃት መስሏት ልትቆም ብላ ዞር ስትል አባቷ አንገታቸውን እያሽከረከሩ ግራ ቀኙን ያያሉ። «ይቺን ድንጋይ አውቃታለሁ» ይላሉ። «እዚህ ጋ ነው አንድ ክረምት የወደቅኩት። ይኼ ዛፍ ሳውቀው ቁመቱ እስከ ወገቤ ነበር!» ጫካው ውስጥ ሲገቡ ግን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ወፎቹን ያዳምጡ ጀመር። ዳገቴ አልነካቻቸውም፤ እሷም ትናንት እንደዚያው ሆና ነበርና።

ተረተሩ ላይ ሲደርሱ ጠጋኞቹ ገና አልጀመሩም፤ አረፍ ብለው ዳቦ ይቆርሳሉ። አባቷ እጃቸውን አነሱ፤ ሁሉም ማኘኩን አቆመ። አዳመጡ።

«እውነትሽን ነው» አሉ ለልጃቸው፤ ድምፃቸው ዝግ ብሎ ነበር። «ይሰማል።»

ጠጋኞቹ ድንጋዩን አንስተው፣ አፈሩን ጠርገው መጋጠሚያውን አወጡት። ውሃው ተዘግቶ ብሎኖቹ ሲፈቱ ውስጡ ያለው የጎማ ቀለበት ፍርክስክስ ብሎ ወጣ፤ እንደ ደረቀ ዳቦ በእጅ ይበጠሳል። የጠጋኞቹ አለቃ ለሽማግሌው በመዳፋቸው ላይ አስቀመጠላቸው። ዳገቴ የአባቷን ፊት ማየት ፈርታ ወደ ተራራው ዞረች።

«እንዲህ ሆኖ ነው የቆየው?» አሉ አባቷ።

«መቼ እንደደረቀ ማን ያውቃል አባባ፤ ጎማ ነው፣ ዕድሜው አለቀ» አለ አለቃው። «ብረቱን ይዩት፣ ንቅንቅ አላለም። እኔ በሕይወቴ እንዲህ ቀጥ ብሎ የተገጠመ አላየሁም።»

አባቷ ብረቱን አዩት፣ በጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ አዲሱን ቀለበት ስጡኝ አሉ። ጠጋኞቹ ድንጋይ ላይ ሲያስቀምጧቸው ቀለበቱን በገዛ እጃቸው ከቦታው አስገቡት፤ ዙሪያውን በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ። «አሁን አጥብቁት። በዝግታ፣ በዙሪያው እያፈራረቃችሁ። በቃ! አሁን ሩብ ዙር ብቻ።» ውሃው ሲለቀቅ ሁሉም ጆሮውን ደገነ። ምንም አልተሰማም። የጠጋኞቹ አለቃ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ላይ ወረወረው።

ሰዎቹ ድንጋዩን ሲመልሱ አባቷ ወደ ተራራው አናት እያዩ፣ «ከዚህ ምንጩ ስንት ይቀረዋል?» አሉ። ጠንቅቀው የሚያውቁት ነገር ነው።

«ሁለት ኪሎ ሜትር።»

«ባትሪ የሚሉት ነገርስ ይበቃታል?»

«ይበቃታል፤ ተርፎ።»

ባሏ የሰፋው መታጠቂያ እንደገና ታሰረ።

ምንጩ ያለው ከተራራው ራስ ሥር፣ ሁለት አለቶች በሚጋጠሙበት ቦታ ነው። ውሃው ከአለቱ ግንባር ይወጣል፤ አይፈስም፣ ያብባል ማለት ይሻላል፤ ከሥር እየተገፋ፣ ፊቱ ሳይደፈርስ፣ እንደ ብርጭቆ ጥርት ብሎ። አባቷ ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ነው፤ ጡረታ በወጡበት ሳምንት ዱላ ተደግፈው፣ አንድ ቀን ሙሉ ፈጅቶባቸው መጥተው ተሰናብተውት ነበር። ለማንም አልተናገሩም፤ ዳገቴም ያወቀችው አሁን እዚህ ሲነግሯት ነው።

«ጨርሼ የሄድኩ ነበር የመሰለኝ» አሉ። ፊታቸውን ታጠቡ፤ ደጋግመው ታጠቡ፤ ዳገቴ እንባ ይሁን ውሃ መለየት አቃታት። ከዚያ ጀርባቸውን ለአለቱ ሰጥተው ተቀመጡ። ከታች ከተማው፣ ማጠራቀሚያው፣ የላይኛው ሰፈር ጣሪያዎች ሁሉ እንደ ተበተነ ሳንቲም ይብለጨለጫሉ። ሞተሯ አጠገባቸው ቆማለች፤ ስለማታጓራ ሊያጠፏትም አላስፈለገም፤ ወፎችም ከበዋታል። አባቷ ብዙ ጊዜ ዞር እያሉ ያዩዋት ነበር፤ እንደ ሰው።

ቁልቁል ሲወርዱ አባቷ አገጫቸውን በልጃቸው ትከሻ ላይ አድርገው ያችን ትንሽ መስታወት ያነባሉ። «አርባ ስድስት» አሉ። ቀጥለው፣ «አርባ ሰባት! ጨመረ እኮ! ልጄ፣ ተሳስታለች!»

«አልተሳሳተችም አባባ፤ ስንወርድ መልሳ ትሞላለች።»

«ቁልቁለት እየበላች?»

«ቁልቁለት እየበላች።»

አባቷ ከት ብለው ሳቁ። ከጡረታ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ ሰምታቸው አታውቅም ነበር።

በዚያው ሳምንት የላይኛው ሰፈር ውሃ በየቀኑ መምጣት ጀመረ። ጄሪካኖቹ በየበሩ ተደርድረው ሞልተው ታዩ፤ ሴቶቹም ዳገቴን ሲያዩ እጅ ይነሷታል። የጎደለው አንድ እጅ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ የሆነ ቦታ ላይ ሌላ ትንሽ ቀዳዳ ሳይኖር አይቀርም፤ እሱንም እየሄደች ታዳምጠዋለች።

ቅዳሜ ግቢው ጭር ባለበት ሰዓት ዳገቴ ሞተሯን ስታጥብ፣ አባቷ ከባሏ ጋር መጥተው፣ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሲያዩ ቆዩና፣ «እግር የሚሠራው ሥራ የላትም?» አሉ።

«የለም። ማርሽ የላት፣ ፍሬኑም በእጅ ነው።»

«እንግዲያ ጉልበት አትፈልግም።»

ዳገቴ ጨርቁን ጨመቀች። ምን እንደሚመጣ ገብቷታል። እምቢ ማለት ነበረባት፤ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። አላለችም። ባሏን ጠራች፤ የዕቃ ክፍሉን ኃላፊም ጠራች። እሱ «እኔ ይኼን አላየሁም!» እያለ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ደግፈው አስቀመጧቸው። ዳገቴ አንድ ቁጥርን ነካችና፣ «እንደ እንቁላል አባባ፣ እንደ እንቁላል ይያዙት» አለቻቸው።

አባቷ እጀታውን ዳሰስ አደረጉት። ሞተሯ ዝም ብላ መሄድ ጀመረች። ሁለቱ ሰዎች የሞተሯን ወንበር ይዘው በግራና በቀኝ ዱብ ዱብ እያሉ ተከተሉ። የቧንቧ መጠለያውን አንዴ ዞሩት። በሁለተኛው ዙር ላይ የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ላቡ ተንቆርቁሮ ለቀቀ። በሦስተኛው ላይ ባሏም ለቀቀ፤ ሁለቱም ጉልበታቸውን ይዘው እያለከለኩ ቆሙ። ሽማግሌው ግን አልቆሙም። ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው፣ እግራቸውን በአየር ላይ ዘርግተው፣ በዚያ ጸጥ ባለ ግቢ ውስጥ ብቻቸውን ይዞራሉ፤ ዳገቴም ጨርቁን እጇ ላይ ይዛ፣ ውሃው ጫማዋ ላይ ሲንጠባጠብ ሳታውቀው፣ እያየቻቸው ቆመች።